የአባዬ ሚስማሮች

ለምወድህና ለማከብርህ፣ ስልክ ግን ለማታነሳው ወንድሜ፤

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ሲጢጥ ይላል ያልከኝ የቀኝ ጉልበትህ ተሻለው? የደም ግፊትህን እየተለካህ ነው ወይስ እንደ ልማድህ ሐኪሙን በወሬ ጠምደህ ሳትለካ ትወጣለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ወገቧ ተሻላት? ልጆቹስ? ትልቁ አንተን በቁመት ጥሎህ ሄደ ሲሉ ሰማሁ፤ እሰይ፣ ደግ አደረገ። ትንሿ አሁንም የግራ ጫማዋን በቀኝ እግሯ ታጠልቃለች? እኛ ተመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ያ ሳሏ ለቋታል፤ እንዴት እንደለቀቃት ከታች ታነበዋለህ። እኔም ከናፍቆትህና ከንዴትህ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

አራት ወር ሙሉ ደወልኩልህ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ጸጥ። እማዬ ስትደውል ግን ወዲያው ታነሳለህ፤ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ስትስቅ እሰማሃለሁ። እሺ ይሁን አልኩና ወረቀት ገዛሁ። ወረቀት እንደ ስልክ አይዘጋም፤ ቀድደህ ልትጥለው ብትፈልግ እንኳ መጀመሪያ በእጅህ መያዝህ አይቀርም። ደግሞም አውቅሃለሁ፣ የተጻፈ ነገር ሳታነብ መጣል አይሆንልህም።

ከወዲሁ ልንገርህ፤ ይህ የይቅርታ ደብዳቤ አይደለም። አጠፋሁ፣ ማረኝ የሚል መስመር የምትፈልግ ከሆነ አትድከም፣ የለበትም። ቤት ገዝቻለሁ። አንተ የመረጥክልኝን አይደለም፤ እኔ የመረጥኩትን ነው። ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ ከሚዞርበት ከመጨረሻው ፌርማታ አሥር ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። እማዬ ግማሽ ግማሹን እንደነገረችህ አውቃለሁ፤ እሷ ደግሞ የሚያጣላውን ዘልላ የሚያስታርቀውን ብቻ ነው የምታወራው። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ እነግርሃለሁ።

ከብረታ ብረት ቤቱ በላይ የነበረውን ባለሁለት ክፍል ኪራይ ቤታችንን መቼም አትረሳውም፤ የመጣህ ጊዜ ጆሮህን በጥጥ ደፍነህ ነው የተኛኸው። ከጠዋት ጀምሮ ብረት ይቆረጣል፣ ብረት ይቀጠቀጣል፣ ብረት ይበየዳል። እማዬ አሥራ አምስት ዓመት በዚያ ጩኸትና ጢስ ላይ ኖራለች። አከራያችን ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሕጋቸው ግን አያልቅም። ከሰዓት በኋላ ልብስ አይታጠብም። እንግዳ ከሁለት ቀን በላይ አያድርም፤ ያኔ ላንተ ሲባል ስንት ልመና እንደወረደ አንተ አታውቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግድግዳዬ ላይ ሚስማር የመታ ዕቃውን ይሸከም ይላሉ። በዚህ የተነሳ የአባዬ ፎቶ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከታች ብረት በተቀጠቀጠ ቁጥር ይንሸራተትና ይወድቃል፤ እማዬ ታነሳዋለች። መስታወቱን ሁለት ጊዜ አስቀይረናል።

ከዚያ አከራያችን ልጄን ልድር ነው፣ ቤቱን በሦስት ወር ውስጥ ልቀቁልኝ አሉ። እኔም በቃኝ አልኩ። መጋረጃ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሰርቻለሁ። ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስንት ሰው ቤት ገብቼ ስንት መስኮት ለካሁ! ለሰው መስኮት መጋረጃ ስሰፋ ያጠራቀምኩት ነገር ለአንዲት ትንሽ ቤት ይበቃል ብዬ ደወልኩልህ። ያን ቀን በደስታ ጮህክ። ቤቱ አለ፣ ሰማይ ነው የላከው፣ የስድስተኛ ክፍል መምህሬ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው አልከኝ። እጅ ጽሕፈት ያስተማሩህ፣ ደብተርህን አንስተው ለክፍሉ ሁሉ ያሳዩልህ እሳቸው መሆናቸውን ለመቶኛ ጊዜ ነገርከኝ።

እሑድ ከእማዬ ጋር ሄድን። ወይ መምህሩ! እንዴት ያለ አቀባበል መሰለህ። በር ድረስ ወጥተው እማዬን ደግፈው አስገቧት፤ ከሁሉ የሚመቸው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ሻይ በራሳቸው እጅ ቀዱልን። ያንተን ስም እያነሱ የልጅነትህን ነገር ሲያጫውቷት እማዬ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ቤቱ ከላይ እስከ ታች አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ ያብለጨልጫል። የመኝታ ክፍሉን አንድ ግድግዳ እንዳለ የሸፈነ ትልቅ ቁም ሣጥን ቆሟል። እኔ ምን አደረግኩ? ሻይ ጠጣሁ። ሜትሬ ከቦርሳዬ አልወጣችም። የማላውቀው ሰው መስኮት ላይ ወንበር ላይ ወጥቼ የምንጠለጠል ሴትዮ፣ የራሴ ሊሆን በነበረው ቤት ውስጥ እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ጓዳውን ልይ ብዬ ብድግ ስል እማዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ቤት ላሳይዎት እስኪሉ መጠበቅ ነው እንጂ የሰው ጓዳ ይፈተሻል እንዴ ማለቷ ነው። እሳቸውም ያሳዩኝን አሳዩኝ፤ እኔም እሱኑ ብቻ አየሁ። ሰኞ ሳምንት ውል ልንፈራረም ተስማምተን ወጣን።

ረቡዕ ዕለት አንድ ግንበኛ የሱቃችንን ወለል ሊጠግን መጣ። ስሚንቶውን እያቦካ ጨዋታ ስናነሳ ቤት ልገዛ መሆኑን ነገርኩት። ዝናብ ሲዘንብ አይተሽዋል ወይ አለኝ። አላየሁትም። ከቁም ሣጥኑ ኋላ ምን አለ አለኝ። እንዴት አውቃለሁ! ካርታው በማን ስም ነው አለኝ። መምህር እኮ ናቸው፣ የወንድሜ መምህር አልኩት። ግንበኛው የስሚንቶ ማንኪያውን ጥሎ ሳቀብኝ። ግድግዳ ተማሪና መምህር አያውቅም አለኝ። ከዚያ ምክሩን ሰጠኝ፤ አንድ ሚስማር ያዢ፣ ያለ መዶሻ በአውራ ጣትሽ ብቻ ልስኑ ላይ ተጫኚው፣ ከገባ ቤቱን ጥለሽ ውጪ። እኔም ነውር ነው አልኩት። እሱ ደግሞ ነውሩ እርጥብ ግድግዳ ሥር አሮጊት እናት ማስተኛት ነው ብሎ ወደ ስሚንቶው ተመለሰ። ደግሞ ነገር እንዳትፈልግብኝ፣ ግንበኛው ባለትዳር ነው።

ሐሙስ ደወልኩልህና ይህንኑ ነገርኩህ። የመለስክልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። የኔን መምህር ልትፈትሺ ነው? ብትሞቺ እንዳታደርጊው! በሕይወቴ አንድ ሰው ባከብር እሳቸውን ነው፤ ካሳፈርሽኝ እህት የለኝም አልክ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልተወው ነበር። ሰው ምን ይለኛል፣ ወንድሜ ምን ይለኛል፣ መምህሩ ምን ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ሰኞ ልፈርም ነበር። ከዚያ የእማዬን ልብስ ላነሳ አልጋዋ ሥር እጄን ስሰድ የአባዬ ጣሳ እጄ ገባች።

ጣሳዋን ታውቃታለህ። አባዬ ያን የልጅነታችንን ቤት እንደ ወንድሙ ከሚያየው ሰው ገዝቶ ዋጋውን እንደከፈለ፣ ግን ወረቀት ስጠኝ ማለት አፍሮ በቃል ብቻ እንደኖረበት ታውቃለህ። ሰውዬው ሲሞት ልጆቹ ካርታቸውን ይዘው መጡ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንተ አሥራ አራት። ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ አባዬ መዶሻውን ይዞ ተመለሰና ከግድግዳው ላይ የመታቸውን ሚስማሮች አንድ በአንድ ነቀላቸው። ግድግዳው የእነሱ ነው፣ ሚስማሩ ግን የኔ ነው አለ። አንተ ጣሳዋን ይዘህ ከሥሩ ቆመህ ነበር፤ እያንዳንዱ ሚስማር ሲገባ ኳ ሲል ዛሬም ይሰማኛል። ዘጠኝ ነበሩ። ማታውን ድንጋይ ላይ እያቃና አስቀመጣቸው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በሰው ቤት እንጂ በራሱ ቤት አልኖረም፤ ዘጠኙም ሚስማሮች ከጣሳው አልወጡም።

አንዷን ሚስማር ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ። ዓርብ ዕለት ዝናብ ወረደ፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። መምህሩ በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። ሻይ ልቅዳ አሉ፤ አይ፣ ዛሬ ሻይ አልጠጣም አልኩ። መኝታ ክፍሉን ድጋሚ ልየው አልኩ። ቁም ሣጥኑን ልጠጋ ስል ከባድ ነው፣ ለብቻሽ አትችይውም አሉኝ። እኔ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት የመጋረጃ ጥቅል የተሸከመ ትከሻ አለኝ። ገፋሁት። ወንድሜ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ እስከ ደረቴ ድረስ ጠቁሯል፤ የሚሸተው ሽታ ደግሞ የረሳኸው እርጥብ ፎጣ ሽታ ነው። የአባዬን ሚስማር አውጥቼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ለስላሳ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። እስከ ራሱ። በሁለት ጣቴ መልሼ ሳወጣው ልስኑ አብሮት ረገፈ።

ካርታውን ያሳዩኝ አልኩ። ሲያሳዩኝ ሁለት ስም አለበት። አንዱ የሳቸው ነው፤ ሌላው የእህታቸው። ቤቱ የአባታቸው ውርስ ነው ለካ! እህቴ ተስማምታለች አሉኝ። ታዲያ ፊርማቸው የት አለ አልኩ። ያን ጊዜ አልጋው ላይ ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፤ የእሱ እህት ስለሆንሽ፣ የጨዋ ልጅ ስለሆንሽ፣ እንዲህ ያለውን ነገር አትጠይቂም ብዬ ነው። አየህ? ጨዋነታችንን ቆጥረውበት ነው የቀቡት። ቀለሙን የቀቡት ለግድግዳው አልነበረም፤ ለይሉኝታችን ነው።

ከልቤ አዘንኩላቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻቸውን ናቸው፣ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ልጃቸው ጋ ሄደው ማረፍ ፈልገዋል። ግን ለሰው ማዘንና የሰውን እርጥብ ግድግዳ መግዛት ለየቅል ናቸው። ቁም ሣጥኑን መልሼ ወደ ቦታው ገፋሁትና ሰኞ አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ደግሞ፣ አንተን ይበልጥ ያናደደህን ነገር አደረግኩ። እህታቸው ያሉት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር፤ ሄጄ አንኳኳሁና ቤትዎ ሊሸጥ ነበር፣ ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። አያውቁም። አሮጊቷ የበሩን እጀታ ይዘው ያዩኝ አስተያየት ያኔ የእኛን ቤት ቆልፈው ሲያስወጡን እማዬ በሩን ያየችበት ዓይን ነው።

ማታውን ደወልክ። አዋረድሽኝ፣ ሽማግሌ ሰው አስለቀስሽ፣ የቤተሰቡን ስም መሬት ላይ ጎተትሽ አልክና ዘጋህ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ነን። አሁን ግን ስማኝ፣ ሳትዘጋ ስማኝ። ማንን ነው ያዋረድኩት? ለጎረቤት አላወራሁም፣ አደባባይ ላይ አልጮህኩም። የኔ ገንዘብ፣ የኔ እናት ደረት፣ የኔ ቀሪ ዕድሜ የሚገባበትን ግድግዳ ነካሁ። ይህ ነውር ከሆነ ነውረኛ ነኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ሲባል የምንሰማው እኮ ለጨዋታ አይደለም። አባዬ እድሜውን ሁሉ ድስት ጥዶ አለቀሰ። እኔ አላለቅስም። ዛሬም ቢሆን ደግመህ ብትጠይቀኝ ቁም ሣጥኑን እገፋዋለሁ፤ ወይ ፍንክች!

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተልህ። ሁለት ወር ሙሉ የከተማውን ዳር ዳር ዞርኩት። ሜትሬን አንገቴ ላይ፣ ሚስማሯን ኪሴ ውስጥ አድርጌ አልጋ ሥር እገባለሁ፣ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ ሽንት ቤት ውሃ እለቃለሁ። ደላሎቹ ሜትር የሚል ስም አወጡልኝ። ሜትር መጣች፣ ሻይ እንዳታቀርቡላት፣ ልቧ አይሸነፍም ይሉ ነበር። አንዱን ቤት እሑድ ዕለት አየሁትና ጸጥታው ልቤን ወሰደው፤ የዛፍ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። ማክሰኞ ሳይነግሩኝ ተመልሼ ስሄድ ከአጥሩ ኋላ የድንጋይ መፍጫ ማሽን እየጮኸ ነው። ለካ ጸጥታው የእሑድ ጸጥታ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ አንድን ቤት በሥራ ቀንም፣ በዝናብም፣ በፀሐይም ሳላይ ዋጋ አልጠይቅም። ሌላው ባለቤት ደግሞ ሚስማሩን ሳወጣ ሳያሳየኝ በሩን ዘጋብኝ። መልስ ነው፣ አመሰግናለሁ ብዬ ሄድኩ።

በስምንተኛው ላይ አገኘሁት። ከውጭ ሲታይ አስቀያሚ ነው፣ ልነግርህ አልፈራም። ቀለሙ ተልጧል፣ በሩ ጠባብ ነው፣ የግቢው ደረጃ አንደኛው ድንጋይ ይነቃነቃል። ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት፣ ከኋላ ትንሽ ግቢ። ባለቤቷ ነርስ ናት፤ ሥራዋ ርቆባት ነው የምትሸጠው። ገና በሩ ላይ ሳለን የወጥ ቤቱ ጣሪያ በዚህ ጥግ ያንጠባጥባል፣ ቧንቧው ጠዋት ጠዋት ቀጭን ነው፣ አውቶቡሱ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ የለም አለችኝ። ጉዱን ሁሉ ዘርግፋ ከጨረሰች በኋላ ነው ግቢ ያለችኝ። ወደድኳት። ሚስማሬን ግድግዳው ላይ ተጫንኩ፤ አውራ ጣቴ ቀላ እንጂ ሚስማሯ ፍንክች አላለችም። ግንበኛውን አምጥቼ ጣሪያ ላይ አወጣሁት፤ ጥገናው የአንድ ቀን ሥራ ነው አለኝ፣ እንዳለውም ሆነ። የሠራበትን በመጋረጃ ከፈልኩት። ካርታው ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ያች ባለስም ራሷ ከፊቴ ተቀምጣ ፈረመች። አሁን የኔና የእማዬ ስም አለበት።

እንዳትስቅብኝ እንጂ እኔም የራሴን ጥፋት ሠርቻለሁ። መስኮቱን ሁሉ ለካሁ፤ ያለ ስህተት ለካሁ፤ በሩን ግን ረሳሁት። ዕቃው የመጣ ቀን የእማዬ አልጋ በበሩ አልገባም አለ። አዞርነው፣ ገለበጥነው፣ በጎን ሞከርነው። እማዬ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሜትር ተብዬዋን ልጄን እዩልኝ እያለች ሳቀችብኝ። በመጨረሻ ግንበኛው የአልጋውን እግሮች በመጋዝ ቆረጣቸውና ገባ። አሁን እማዬ መሬት ልትነካ ትንሽ በቀራት አልጋ ላይ ነው የምትተኛው፤ ለጉልበቴ ይሻለኛል ትላለች፣ እኔን ለማጽናናት ይሁን እውነቷን አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለታችንም እንቅልፍ አልወሰደንም። ጸጥታው ጆሮ ላይ ይጮኻል። እማዬ ጆሮዬ ደነቆረ መሰለኝ ብላ ድስት በማንኪያ መታ መታ አድርጋ ፈተነችው። አሁን ግን ለምዳዋለች፤ ፀሐይ እግሯ ላይ እስክትደርስ ትተኛለች። ጢሱ ከቀረ፣ ግድግዳውም ደረቅ ከሆነ ወዲህ ሳሏ የት እንደገባ እንጃ። ጠዋት ጎረቤታችን ጡረተኛው ሾፌር በአጥሩ ላይ እንዴት አደሩ ሲላት መልሷ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እኔ ግን ልደብቅህ አልፈልግም፣ እደክማለሁ። ሥራ ለመድረስ በጨለማ ነው የምወጣው፤ ማታ አውቶቡሱ ካመለጠኝ ደግሞ መንገዱ ሁሉ በእግሬ ነው። ሁለት ጊዜ አምልጦኝ እያነባሁ መጥቻለሁ። ደርሼ በሩን የምከፍተው ግን በራሴ ቁልፍ ነው፤ ልብስ ደግሞ ያሻኝ ሰዓት አጥባለሁ።

ሌላም የምነግርህ አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት መምህሩ ሱቃችን መጡ። በከዘራ ነው የሚሄዱት አሁን። ግድግዳውን አስጠግነው፣ ለገዢው እውነቱን ተናግረው፣ ከእህታቸው ጋር አብረው ፈርመው ቤቱን ሸጡት። ልጃቸው ጋ እስኪሄዱ እህታቸው ዘንድ ናቸው፤ ለሚተኙበት ክፍል መጋረጃ ፈልገው ነው የመጡት። ለክቼ ቆረጥኩላቸው። ሲወጡ ቆም አሉና ተማሪዬን ጥፋቱ የኔ ነበር በይልኝ አሉኝ። እጅ ጽሕፈት ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፣ ራስዎ ይጻፉለት አልኳቸው። ሳቁ፣ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር። ጽፈውልህ እንደሆነ አላውቅም። ባይጽፉልህም የኔ ነገር አይለወጥም፤ እኔ ልክ የሆንኩት እሳቸው ስላመኑ አይደለም፣ ግድግዳው እርጥብ ስለነበር ነው።

አንተን አልጠላሁህም። እንዲያውም የተናደድክበትን አውቃለሁ። አባዬ ያፈረውን እፍረት አንተም ወርሰኸዋል፤ እኔም ወርሼዋለሁ፤ ከቤቱ ይልቅ እሱ ነው በሙሉ የተላለፈልን። እኔ የበኩሌን ድርሻ መልሻለሁ። አንተ ያንተን ብታቆየው መብትህ ነው፣ ለኔ ግን አትላክልኝ።

በል እንግዲህ፣ ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ወገቧን በሙቅ ፎጣ ትያዘው በላት። የሳሎናችሁን መስኮት ለክታ ትላክልኝ፤ አንተ እንዳትለካው፣ አላምንህም። ትልቁን ጎንበስ አድርገህ ግንባሩን ሳምልኝ። ትንሿን በሁለቱም ጉንጯ፣ ጫማዋንም እንደፈለገች ታጥልቀው፤ ስታድግ እኔን እንድትመስል እየጸለይኩላት ነው። እማዬ እዚህ አጠገቤ ሆና ወረቀቱን እያየች ነው፤ ሳትታረቁ እንዳልሞት በይልኝ ትላለች፤ እኔ ደግሞ አትሞቺም፣ ገና አልጋሽን አዲስ እግር አሠራልሻለሁ አልኳት። ጡረተኛው ሾፌርም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል፤ አውቶቡስ ካጣህ በኔ መኪና አመጣዋለሁ ይላል።

ላንተ ደግሞ ይህን። የገባን ዕለት የአባዬን ፎቶ ልሰቅል መዶሻና ጣሳዋን አነሳሁ። የመጀመሪያዋ ሚስማር ጎበጠች። ሁለተኛዋም ጎበጠች። ሦስተኛዋ ስትጎብጥ እማዬ ተዪው፣ ይቅር ልትል አፏን ስትከፍት አራተኛዋ ገባች። ይኸው አባዬ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከተማው ሁሉ ቢቀጠቀጥ አይወድቅም። የጎበጡትን እንደሱ ድንጋይ ላይ አቃናሁና ከሌሎቹ አራቱ ጋር መትቼ መስታወቱን፣ ሰዓቱን፣ የእማዬን ነጠላ፣ የኔን ሜትር፣ ሌላም ሌላም ዕቃ አንድ በአንድ ሰቀልኩባቸው። ስምንቱ ግድግዳ ላይ ናቸው። ዘጠነኛዋ ጣሳው ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች፤ ጣሳዋን የያዝከው አንተ ነህና እሷን እኔ አልመታትም። ምክር ልትሰጠኝ ከሆነ አትምጣ። እሷን ልትመታ ከሆነ ግን፣ መዶሻው ከበሩ ጀርባ ነው።

እህትህ፣ ሜትር

ከገዛ ቤቴ፣ ከአባዬ ፎቶ ሥር
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን